ጀርባው የነገራት

ጴጥሮስ ጀውሃራን በመጀመሪያ ያወቃት በእግሯ ነበር። ከዚያ በላይ ማየት አይችልም። ጀርባው ከትከሻው ሥር እንደ ማጭድ ስለጎበጠ፣ ቆሞ ሲሄድ ዓይኑ የሚያርፈው ከፊቱ ሁለት እርምጃ በማይርቅ መሬት ላይ ነው። ሰውን የሚለየው በጫማው ነበር።

ጊዜው 1979 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ቡናው ቀልቶ ቴፒ በለቃሚ ተጥለቅልቃለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አብራው ቡና የምታበጥር አሰጋሽ የምትባል ሴት እጁን ይዛ ወደ ወጌሻዋ ግቢ አስገባችው። በሩ ላይ ጥፍራቸው በእንሶስላ የቀላ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አየ።

«እህቴ፣ ወጌሻዋ አሉ?» አለ ለእግሮቹ።

«እኔ ነኝ። ይግቡ።»

አሮጊት ነበር የጠበቀው። አሮጊቷስ ነበሩ፤ ውስጥ ከግድግዳው ሥር መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አዳዳ ከድጁ ይባላሉ፤ የጀውሃራ የአባቷ እህት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቴፒንና የአካባቢዋን ሰው ወለምታና ስብራት ሲጠግኑ ኖረው፣ ቁርጥማት ጣታቸውን ሲያስረው ሙያውን ለወንድማቸው ልጅ አስተላለፉ። ጀውሃራ ወንድ በምታሽበት ጊዜ ሁሉ እሳቸው ከክፍሉ አይወጡም። የሰው አፍ ክፉ ነው።

ጀውሃራ ሰሌን ዘርግታ በሆዱ አስተኛችው። ወዲያው ማሸት አልጀመረችም። መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች።

«ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«ስምንት።»

«ወድቀው ነው?»

«አልወደቅሁም። ተቀምጬ ነው የጎበጥሁት።»

ያሾፈ መስሏት ቅር አላት። ግን ጣቶቿ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ሲወርዱ ያገኙት ነገር ሹፈት አልነበረም።

«አጥንትዎ ደህና ነው» አለችው። «በግ ሲገፈፍ አይተው ያውቃሉ? በቆዳውና በሥጋው መካከል ስስ ነጭ ሽፋን አለ። ሰውም አለው። ሥጋን ከሥጋ፣ ሥጋን ከአጥንት የሚያያይዘው እሱ ነው። የእርስዎ ደርቆ ተጣብቋል፤ ብዙ ጊዜ በቆዩበት ቅርጽ ቀርቷል። ጥፋቱም ከጀርባዎ አይደለም። ደረትዎና ሆድዎ አጥረው ጀርባዎን ወደፊት ጎትተውታል።»

«ይቃናል?»

«በጉልበት አይቃናም። ቀስ ብሎ ይላላል። አሥር ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ምናልባት አሥራ ሁለት።»

ጴጥሮስ ፊቱን ሰሌኑ ላይ እንደደፋ፣ «ቀና ብዬ ዓይኑን የማየው ሰው አለ» አለ። «ለሱ ስል ነው የመጣሁት።»

«ማን ነው?»

«ያጎበጠኝ።»

የአዳዳ ከድጁ መቁጠሪያ ቆመ።

*

ጀውሃራ ስትሠራ አትቸኩልም። ከፍም ዳር የተቀመጠው ለጋ ቅቤ ውስጥ ጣቷን ትነክርና የእጇን አንጓ ወይም ክርኗን አንድ ቦታ ላይ ታሳርፋለች። አትፈትግም፤ ትጠብቃለች። ከሥር ያለው ነገር መጀመሪያ እንደ ቆዳ ጠፍር ይገትራል። ከዚያ እሷ ብቻ በምታውቀው ቅጽበት ይለቃል። ያን ጊዜ እጇን አንድ ስንዝር ታንሸራትታለች። ደረቱ ላይ ስትደርስ አዳዳ ከድጁ ነጠላቸውን አውልቀው ሰጧት፤ በነጠላው ላይ ሠራችው። ቤቱ ሲሄድ ደግሞ ጋቢ ጠቅልሎ ትከሻው ሥር አድርጎ በጀርባው እንዲተኛ፣ ጎኑ እስኪነፋ እንዲተነፍስ አዘዘችው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጴጥሮስ ወገቧ ላይ የታሰረውን መቀነት አየ። በአራተኛው እጆቿን አየ፤ ረጃጅሞችና በቅቤ የወዙ ነበሩ። የመዳኑን መጠን በሷ ቁመት መለካት እንደጀመረ ገባው፤ አፈረም።

ታሪኩን የነገራት በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ሚዛን ተፈሪ አስተማሪ ነበር። የሚጸልዩበት ቤት በመንግሥት ሲታሸግ፣ ምእመናኑን በቡና ጥላ ሥር እየሰበሰበ መዝሙር ያስመራ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ አስጠራው። የሚዘምሩትን ሰዎች ስም ስጠኝ አለው። አልሰጠም። ከተወረሰ ቤት ወለል ሥር፣ ቁመቱ ከወገብ የማይበልጥ ጉድጓድ ነበር። እዚያ አስገባው።

«በየሳምንቱ እየመጣ ከላይ ይጠይቀኛል» አላት። «አንድ ቀን ጮሆብኝ አያውቅም። በለሰለሰ ድምፅ፣ 'አንገትህ ደንድኗል መምህር፤ ይለሰልሳል፤ ቀስ ነው ሁሉም' ይለኛል። ሦስት ዓመት ከአራት ወር። ስወጣ እንዲህ ሆኜ ወጣሁ።»

«ስሙ ማን ነው?»

«ስሙን ቀና ብዬ ነው የምጠራው። ከዚያ በፊት አልጠራውም።»

የጀውሃራ ክርን ሳታስበው ጠለቀ። የማታውቀውን ሰውዬ ጠላችው፤ እንዲህ ያለ ጥላቻ በልቧ እንዳለ አታውቅም ነበር።

«እንግዲያው እጄ ለዚያ ቀን ይሥራ» አለች። «ቀና ብለህ እንድታየው አደርግሃለሁ።»

አንተ ማለት የጀመረችው ያን ቀን ነው። ጴጥሮስ ልብ አለ። መንገድ ላይ ቃሏን እንደ ስንቅ ይዞ ሄደ።

*

አምስተኛው ቅዳሜ ኅዳር ሃያ ቀን ነበር። ጴጥሮስ ተኝቷል፤ ጀውሃራ ከትከሻው ሥር ትሠራለች። ጀርባው ያን ቀን ከምንጊዜውም ይልቅ ላልቶላት ነበር። ውጭ መኪና ቆመ። ግቢው ውስጥ የወንድ ድምፅ ተሰማ፤ ለስላሳ፣ የማይቸኩል ድምፅ። ጆንያ ለሚያወርደው ሰው፣ «ቀስ አድርገው ወንድሜ፤ ቀስ ነው ሁሉም» ይለዋል።

ከጀውሃራ ክርን ሥር የጴጥሮስ ጀርባ እንጨት ሆነ።

እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟት አያውቅም። አምስት ሳምንት የለፋችበት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተመልሶ ተጣበቀ።

«አመመህ?»

«አላመመኝም። ማን ነው የመጣው?»

«ወንድሜ ነው፤ ጋሼ ሰማን። ከሚዛን ነው የሚመጣው፤ ወፍጮ ቤት አለው። አባትና እናታችንን ወባ ሲወስድብን እሱ ነው ያሳደገኝ። ሩዝ ይዞልኝ መጥቶ ይሆናል።»

 ሰማን የሴቶች ሥራ ቤት ነው ብሎ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከግቢው ሆኖ ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ። ጴጥሮስ ሸሚዙን ለብሶ ሲወጣ በሩ ላይ እግሩ ዘገየ። አዳዳ ከድጁ ከኋላው አዩትና፣ «ይሄ ሰው ምን ነካው?» አሉ። ጀውሃራም እጆቿን እያየች ያንኑ ትጠይቅ ነበር።

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም ብላ ፈርታ ነበር። መጣ። ያውም ጸጉሩን ተከርክሞ፣ ሸሚዙን አጥቦ መጣ። ጫካ ውስጥ ያገኘውን ነጭ አበባ አምጥቶ ለአዳዳ ከድጁ ሰጣቸው። ለሷ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ያን ቀን እስከ አገጯ አየ።

በሰባተኛው ቅዳሜ ዓይኗን አየ። ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አገጩን በሁለት ጣቷ ቀና ስታደርገው ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ስንት ሳምንት ሥጋውን ስትዳብስ ያልደነገጠች ልጅ ያን ጊዜ ደነገጠች።

«እንዲህ ነሽ ለካ» አለ።

«እንዴት መስዬህ ነበር?»

«በእግርሽ ብቻ አውቄሽ ነበር፤ ለሱም ቢሆን እንቅልፍ አጥቼ ነበር።»

አዳዳ ከድጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጴጥሮስ ወደሳቸው ዞረና በአክብሮት፣ «እናቴ፣ ላገባት እፈልጋለሁ» አላቸው።

«አንተ የጴንጤ ልጅ፤ እሷ የእስላም ልጅ» አሉ አዳዳ ከድጁ። «አንተ ቡና አበጣሪ፤ ወንድሟ ባለወፍጮ። ሰማን ይህን ቢሰማ የሚለውን ታውቃለህ?»

«ቢሰማ ደስ ይለኛል» አለ ጴጥሮስ።

ጀውሃራ ያን ጊዜ ድፍረቱን ብቻ ነበር የሰማችው። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን እየደጋገመች ነጋባት፤ ከቤቷም ከሃይማኖቷም የሚያጋጫትን ነገር በደስታ ተቀበለችው።

*

በስምንተኛው ቅዳሜ ጃኬቱን ሚስማር ላይ ስትሰቅል አንድ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። እሱ ሰሌኑ ላይ በሆዱ ተኝቷል። ልትመልሰው አነሣችው፤ የራሷን ስም አየች። ግድግዳው ጋ ቆማ አነበበችው። ቀኑ ኅዳር ሃያ ነው።

«ወንድሜ ማቴዎስ፣ ሰማንን ሳልፈልገው አገኘሁት። ጀርባዬን የምትፈውሰው ጀውሃራ ለካ እህቱ ናት። ብገድለው በአንድ ቀን ያልቅለታል፤ አይበቃኝም። ስለዚህ እህቱ እንድትወደኝ አደርጋለሁ። ከሃይማኖቷና ከቤቷ ነጥያት፣ አገር ሁሉ ካወቀ በኋላ በሩ ላይ ጥያት እሄዳለሁ። በሚዛን ገበያ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ቀና ብዬ አየዋለሁ።»

ወረቀቱን አጥፋ መለሰችና ወደ ሰሌኑ ሄደች። እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች። እንደ ሁልጊዜው ከመዳፏ ሥር ላላ። ምላሱ ዋሽቷል፤ ይሄ ሥጋስ? እሱም መዋሸት ተምሮ ይሆን? ደግሞ ሰማን። ከገዛ አፉ ነጥቆ ያሳደጋት ሰማን። ወንድሟ ያጎበጠውን ስታቃና ነበር ለካ የኖረችው፤ የተቃናው ደግሞ እሷን ሊሰብር ነበር የሚመጣው። ሁለት ሰዎች የሚጣሉበት ሜዳ እሷ ነበረች።

«ዛሬ ዝም አልሽ» አለ ጴጥሮስ።

«እየሠራሁ ነው» አለች።

*

እሑድ ጠዋት በቡና ጭነት መኪና ሚዛን ሄደች። ሰማንን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ አገኘችው። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ሥጋ እንዲገዛ ሰው ላከ።

«ጋሼ» አለችው፤ «ጴጥሮስ የሚባል አስተማሪ ታውቃለህ?»

ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ጠፋ። ሞተሩን አስጠፋና ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ዱቄቱን ከቅንድቡ ጠረገ። «ጊዜው ነው፣ ጀውሃራ። እኔ ባላስረው ሌላው ያስረው ነበር፤ ሌላው ደግሞ ይገድለው ነበር። እኔ አልገደልኩትም። አንቺም ያን ጊዜ ልጅ ነሽ፤ የምትበይው ያስፈልግሽ ነበር።»

«ስለ እኔ ነው ያደረግኸው?»

«ስለ አንቺም ነው።»

ብትጮህበት ይቀላት ነበር። ግን በዚያ ለስላሳ ድምፅ ስሟን ከጉድጓዱ ጋር ሲያያይዘው፣ በውስጧ የነበረው እንባ ደረቀ። በቦታው ሌላ ነገር ገባ፤ ቀዝቃዛና ትዕግሥተኛ።

«እጄን ወለም ብሎኛል» አለችው። «ጀርባው የከበደኝ ሰው አለ። ቅዳሜ መጥተህ በጉልበትህ አግዘኝ። የሴት ቤት ነው አትበል፤ አዳዳ አሉ።»

ያልተቆጣችው መሰለውና እፎይ አለ። «እመጣለሁ፤ አንቺ ብለሽ ነው?» አለ። ሥጋውን ሳትቀምስ ተመለሰች።

*

ሰማን በቀጠሮው መጣ። ጴጥሮስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ራሱ በነጠላ ተሸፍኖ ተኝቷል። ዛሬ የሌላ ሰው ጉልበት ያስፈልገኛል፤ እስካዝህ ድረስ ዝም በል ብላዋለች።

ሰማን እጁን ታጠበ። ጀውሃራ እጆቹን ይዛ ከጴጥሮስ ጀርባ ገና ያልጠፋችው ጉብታ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እዚህ ጋ ጫን በል። አትቸኩል። እስኪላላ ጠብቅ።»

«እንዴት የጠነከረ ነው» አለ ሰማን በዚያ ድምፁ። «ምን ነክቶት ነው ይሄ ወንድሜ?»

ወገቡ ላይ በነበረው መዳፏ የጴጥሮስ ሰውነት ሲንቀጠቀጥ ተሰማት።

«ወለል ሥር ተቀምጦ ነው» አለች። «ሦስት ዓመት ከአራት ወር።»

የሰማን እጆች ቆሙ። ሊያነሣቸው ሲል በእጆቿ ጫነቻቸው።

«አታንሣ። የጠነከረው ምን እንደሆነ በእጅህ እወቀው።»

ጴጥሮስ ነጠላውን ከራሱ ጣለ። በእጆቹ ተደግፎ ተነሣ፤ ጉልበቱን አቃና፣ ወገቡን አቃና፣ ደረቱን ከፈተ። ከስምንት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ቁመቱ ቆመ። ሰማን ከትከሻው በታች ቀረ። ጴጥሮስ ያን ያህል አጭር መሆኑን ረስቶት ነበር፤ በጉድጓዱ ውስጥ ሲያስበው ሁልጊዜ ከላይ የሚመጣ ሰው ነበር።

«ሰማን» አለ።

ስሙ ብቻ ነበር የወጣው። 

«ከመናገርህ በፊት ይህን ስማ» አለች ጀውሃራ። ከጃኬቱ ወረቀቱን አወጣችና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትንተባተብ አነበበችው። በሩ ላይ ጥያት እሄዳለሁ የሚለው ጋ ስትደርስ ጴጥሮስ እጁን ዘረጋ፤ አላየችውም።

ሰማን ዓይኑ ደም ለበሰ። «በእህቴ?» ብሎ ሊያንቀው ተነሣ።

በመካከላቸው ቆመች። «አንተ ዝም በል ጋሼ። ሰውን በሌላ ሰው ሥጋ መቅጣት ያስተማርከው አንተ ነህ።» ከዚያ የአክስቷን የቀርከሃ አልጋ አሳየችው። «ከሥሩ ግባ። ራስህን ከጉልበትህ ላይ አድርገህ ተቀመጥ። የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ትወጣለህ።»

«ጀውሃራ። እኔ አሳድጌሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሦስት ዓመት ያላልኩህ።»

ሰማን አክስቱን አየ። አዳዳ ከድጁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያ ነበር የሰበረው። በአራት እግሩ ሄዶ ከአልጋው ሥር ገባ።

በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሰማን ትንፋሽ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ የቁጣ ትንፋሽ ነበር። ቆይቶ አጠረ፤ ቆይቶ ማቃሰት ተጨመረበት። ጴጥሮስ ቆሞ አዳመጠ። ጣፈጠው። ይህን አልካደም፤ ኋላም ለማንም አልካደም። እያንዳንዷ ማቃሰት እንደ ማር ወረደችለት። እዚያ ውስጥ አንገት መቼ መቃጠል እንደሚጀምር፣ እግር መቼ እንደሚደነዝዝ ያውቃል፤ በልቡ እየቆጠረ፣ አሁን እዚህ ደረሰ አሁን እዚያ ደረሰ ይል ነበር። በቃው ማለት ይችል ነበር። አላለም። ጀውሃራም አላለችም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ አዛኑ ተሰማ። ሰማን እየተሳበ ወጣ። ለመቆም ሞከረ፤ ጀርባው አልቃና አለው፤ ግድግዳውን ይዞ ታጥፎ ቀረ። ዓይኑ ወደ እህቱ እጆች ሄደ፤ ሰው ሁሉ የሚፈወስባቸው እጆች። አዳዳ ከድጁ ሊነሡ ሲሉ ጀውሃራ ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

ሰማን በመጨረሻ ከመሬት ሳይነሣ፣ «ስሞቹን ያልሰጠኸኝ ደግ አደረግህ» አለ።

«ይቅር አላልኩህም» አለ ጴጥሮስ።

«አውቃለሁ።»

እንደተጎነበሰ ወጣ። የደገፈው የለም። ጀውሃራ የእግሩን ኮቴ እስከ መንገዱ ድረስ በጆሮዋ ሸኘችው፤ ያሳደጋት ሰው እንደሆነ በእያንዳንዱ እርምጃ እያስታወሰች፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየጠላች።

*

«አልላክሁትም» አለ ጴጥሮስ። «ደብዳቤውን። በሁለተኛው ቀን ልልከው ወጣሁ፤ እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ለምን አላቃጠልከውም?»

 መዋሸት ይችል ነበር። «ከእጅሽ በፊት ያቆመኝ ጥላቻዬ ነው። ባቃጥለው የምወድቅ መሰለኝ።»

«ላገባት እፈልጋለሁ ስትል ማን ነበር የተናገረው? የደብዳቤው ሰው ነው ወይስ አንተ?»

«አላውቅም» አለ። «ወንድምሽ ቢሰማ ደስ ይለኛል ያልኩት የደብዳቤው ሰው ነው። እንቅልፍ ያጣሁት ግን እኔ ነኝ።»

ጃኬቱን አነሣችና ሰጠችው።

«አንተና ወንድሜ ተወራርዳችኋል። እኔና አንተ ገና ነን። ቀና ብለሃል፤ ቃሌን ጠብቄአለሁ። አንገትህ ግን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አይዞርም፤ ሁለት ቅዳሜ ይቀረዋል። አልሠራውም። ዞር ብለህ እንዳታየኝ።»

ወጣ። ከግቢው በር ላይ ሲደርስ እግሩ ቆመ። እሷን ለማየት ሙሉ ሰውነቱን ማዞር ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ ድፍረት አጣ። የተቃና ጀርባውን እያየች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። በእጇ የሠራችው ጀርባ ነበር። እንዳማረ ማየቷ ይበልጥ አናደዳት።

*

ጴጥሮስ ወደ ጌጫ፣ ወደ አጎቱ ወደ አቶ ወልደአማኑኤል ቤት ሄደ። ከዚያ በየሳምንቱ ደብዳቤ ይልክ ነበር። ጀውሃራ ሳትከፍት ከሰሌኗ ሥር ትከታቸዋለች። ዝምታዋ ቅጣት ነበር፤ ጥርሷን ነክሳ ነበር የምትቀጣው። ሰማንም ከዚያ ወዲህ ቴፒ ዝር አላለም። ከሚዛን የመጡ ሰዎች፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ መቀመጥ ትቷል፤ ከሰው ዓይን ይሸሻል ይላሉ። ጀውሃራ ትሰማለች፤ አትጠይቅም።

ሚያዝያ ላይ አዳዳ ከድጁ ሰሌኑን ሊያናፍሱ ሲያነሡ ደብዳቤዎቹን አገኙ። «ወይ አንብቢያቸው ወይ አቃጥያቸው» አሏት። «እያስተኛሽባቸው ያለሽው የሰው በሽተኛ ነው።»

በተርታ አነበበቻቸው። በአንዱም ማሪኝ አላላትም። ዛሬ ቀፎ ሰቀልሁ፤ ዛሬ እንዳልሽኝ ጋቢ ጠቅልዬ ተኛሁ፤ ዛሬ ብርድ ነበር ይላል። የመጨረሻው ግን እንዲህ ይል ነበር፦

«ለማቴዎስ ያደረግሁትን ሁሉ ጻፍኩለት። ሰማን የቀጣው ጠላቴ ያለውን ሰው ነው፤ አንተ ግን ያዳነችህን ነው የመረጥከው ብሎ መለሰልኝ። ሦስት ቀን መልስ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ይህን የምጽፍልሽ እንድትምሪኝ አይደለም። በጀርባዬ ላይ እጅሽን ስታሳርፊ የሚላላው ሥጋዬ አልዋሸሽም፤ ይህን ብቻ እንድታውቂ ነው።»

ወረቀቱን አጠፈች። የማትናገረውን ያን ጥያቄ፣ ስምንተኛው ቅዳሜ ላይ ለእጆቿ ብቻ የጠየቀችውን፣ እሱ እንዴት አወቀው? ተናደደችም፤ አለቀሰችም። ሐሙስ ዕለት ከአዳዳ ከድጁ ጋር ወደ ጌጫ ወጡ።

ጌጫ ጉም ነበር። የቴፒ ሙቀት የለመደው ገላዋ እየተንቀጠቀጠ በቀርከሃው አጥር በኩል ገባች። ጴጥሮስ ጀርባውን ሰጥቷት ቀፎ ያጥን ነበር። እንደሠራችው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ደህና ዋልህ» አለችው ከኋላው።

ቀፎውን አስቀመጠ። አንገቱ ስለማይዞር በሙሉ ሰውነቱ፣ እያንዳንዷን እርምጃ እየፈራ ዞረ።

«ልትምሪኝ መጣሽ?»

«አይደለም።»

«ልትሰናበችኝ?»

«ለሱም አልመጣሁም። አንገትህን ልሠራ ነው። ቂሜ አለቀ እንዳትል፤ ይዤው ነው የመጣሁት።»

«ይሁን» አለ። «ይዘሽው ነይ።»

አጎቱ በርጩማ አወጡ። አዳዳ ከድጁ መቀነታቸውን አጥብቀው ከጎን ተቀመጡ። ጀውሃራ ቅቤውን በመዳፏ አሟሟቀችና ጣቶቿን ከጆሮዎቹ ሥር አሳረፈች። አራት ወር ያህል ያልነካችው ሥጋ ነው። ገና ሳትጫነው ላላ። ያ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር፤ የገዛ ጣቶቿም አብረው ላሉ። በልቧ ረገመቻቸው። ጥቂት በጥቂት፣ ጅማቱን እየጠበቀች፣ ለማንም ያልታገሰችውን ያህል ታግሳ ሠራችው። 

«ቀስ ብለህ አዙር» አለችው በመጨረሻ።

ጴጥሮስ አንገቱን ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደቆመችበት ማዞር ጀመረ። አንድ እርምጃ ወደኋላ ብትል አያገኛትም ነበር። ልትል አስባለችም። የወንድሟ የጎበጠ ጀርባ፣ የደብዳቤው ቃል፣ ያለቀሰችባቸው ሌሊቶች ሁሉ እዚያው አብረዋት ቆመዋል፤ አንዱም አልሄደላትም። ዓይኑ ትከሻዋ ላይ ደረሰ፤ አገጯ ላይ ደረሰ፤ ዓይኗ ላይ ደረሰ።

ጀውሃራ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እያመማት፣ እየተናደደች፣ እንዲያያት ተወችው።